አባቴ ውሻው ከሞተበት ወዲህ ከግቢ መውጣት ትቷል፤ ምን ላድርግ? (ሐዋሳ)

የመምህሩ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ቤታችን መናኸሪያ አካባቢ ነው። ሻምበል የሚባል ውሻ ነበረን። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት፤ ችግሩ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እውነተኛ ሻምበል መሆናቸው ነው፣ ጡረተኛ ወታደር። እናቴ በር ላይ ቆማ «ሻምበል! ከዚያ ውጣ ብዬሃለሁ!» ስትል ሰውየው ስንት ቀን ቡናቸውን አቋርጠው ብቅ እንዳሉ እኛ ነን የምናውቀው።

እናቴ ካረፈች በኋላ ውሻው የአባቴ ሆነ። ንጋት ላይ አብረው ይወጣሉ። ገብርኤል ሲደርሱ አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይሳለማል፣ ሻምበል መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ፍቅር ሐይቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ድረስ ይዘልቃሉ። እዚያ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ ስለሚፈራ ያን የሚያክል ውሻ አባቴ እግር ሥር ይወሸቃል። አባቴ የዓሣ ጭንቅላት በፌስታል ተሸክሞ ይመጣና በአሮጌ ድስት ቀቅሎ፣ እሾሁን በጣቱ እየለቀመ ያበላዋል። እኛን ልጆቹን እንዲህ አጉርሶን አያውቅም።

ከጥምቀት ወዲህ ሆዱ ያብጥ ጀመር። ሐኪም መጥቶ አየው፤ «ዕድሜው ነው፣ ጉበቱም ደክሟል» አለ፤ ከሆዱ ውሃ ቀዳለት፣ መድኃኒትም አዘዘ። ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት በረንዳው ላይ ሞቶ አደረ።

እኔ እንደ ልማዱ የቀን ሠራተኛ ጠራሁ። ልጁ ገመድ ይዞ መጣና አንገቱ ላይ አስሮ ሊጎትት ሲል አባቴ ከጓዳ ወጣ። «ፍታው» አለው። ሌላ አልተናገረም። ለልጁ ሒሳቡን ሰጥቶ ሸኘው፤ የሚለብሰውን ጋቢ አምጥቶ ሻምበልን ጠቀለለው፤ አቮካዶው አጠገብ ሲቆፍር ዋለ። ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ። አንዷ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ጋቢውስ ምን በደለ?» አለችው። ቀና ብሎም አላያትም።

አሁን ከግቢ አይወጣም። ጠዋት ተነስቶ ጫማውን ያደርግና ተመልሶ ይቀመጣል። ስጠይቀው «ጉልበቴን አሞኛል» ነው መልሱ። ምሳ ሲበላ ከትሪው ዳር አንድ ጉርሻ ያህል ይተዋል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ «የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ልላክለት» ይላል። ይላክ ወይስ ይቆይ? ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ለዚህ ምን ብዬ እንደማጽናናው ግን ጠፋኝ።

ጥቁር ውሃ፦

እህቴ፣ ስንት ሰው በሚረግፍበት አገር ለውሻ ልቅሶ? በቃ ድንኳን ትከሉለት፣ እድሩንም ጥሩ። ጥሩንባ የሚነፋ ካጣችሁ እኔ አለሁ። ሃሃሃ

ሰላማዊት፦

@ጥቁር ውሃ ስቀህ ከጨረስክ እኔ ልናገር።

ወንድሜ ሲሞት ድንኳን ተተክሎ፣ ሰፈሩ ንፍሮና እንጀራ ተሸክሞ መጥቶ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እስኪበቃኝ አልቅሻለሁ። ድመቴ የሞተች ቀን ግን ፊቴን ታጥቤ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» ሲለኝ «አለርጂ ነው» አልኩት። ሁለቱ እኩል ናቸው አልልም፤ የወንድሜን ያህል ያመመኝ ነገር የለም። ልዩነቱ የሚመጣ ሰው አለመኖሩ ነው። «እግዜር ያጽናሽ» የሚል የለም፣ ቡና የሚያፈላ የለም፣ «ምን ሆና ሞተች?» ብሎ የሚያስወራ የለም። ሐዘንተኛ እኮ እሱን ደጋግሞ ሲያወራ ነው የሚቀለው። እኔ ለማንም ሳላወራው ቀረ፣ ይኸው እዚህ ለማላውቃችሁ ሰዎች እጽፋለሁ።

የመምህሩ ልጅ፣ አባትሽን አታጽናኛቸው። ጠይቂያቸው። ቡችላ ሳለ ምን ዓይነት ነበር በያቸው።

(የኔዋን የገደላት መርዝ የበላች አይጥ ናት። ሐኪም ካለ ልጠይቅ፦ ማዳን ይቻል ነበር?)

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

ሐዋሳ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፣ ማስታወቂያ ይሆናል።

ለሰላማዊት፦ የአይጥ መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ድዷ ገርጥቶ፣ ደክማ፣ ከአፍንጫ ወይም ከሽንቷ ደም ሲታይ በጊዜ ከደረሰች ቫይታሚን ኬ1 ያድናታል፤ ሕክምናው ግን ለሳምንታት ይቀጥላል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ግን ማርከሻ የለውም፣ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሳል። ገበያ ላይ በትንንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ስም ሳይኖረው ስለሚሸጥ የትኛው እንደሆነ እኛም ለማወቅ እንቸገራለን። ድመት ያላችሁ፣ ለጎረቤታችሁ ድመት እንዳላችሁ ንገሩ።

ለጠያቂዋ፦ ዐሥር ዓመት ያለፈው ትልቅ ውሻ ሽማግሌ ነው። ሆድ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ብዙ ጊዜ ጉበት ወይም ልብ እየደከመ ነው ማለት ነው። ውሃው ቢቀዳም ተመልሶ ይሞላል። የተደረገለት የሚደረገው ሁሉ ነው፤ ይህን ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ ብዙ ሰው «ሌላ ሐኪም ጋ ብወስደው ኖሮ» እያለ ነው የሚቆዝመው።

ቡችላውን በተመለከተ ወንድምሽን «ቆይ» በይው። ስጦታ ሆኖ የሚመጣ ቡችላ የሚያስቸግረው ተቀባዩን ነው። ትንሽ ቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበላል፣ ሌሊት ያለቅሳል፣ ጫማ ይበላል። የጀርመን ሼፐርድ ደግሞ ሲያድግ ሠላሳ ኪሎ አልፎ ገመዱን ሲጎትት ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ይዞት ይወድቃል። ሁለተኛ፣ የሚመጣው ቡችላ ሻምበል አይደለም፤ ሻምበል ባለመሆኑ ደግሞ እንዲጠላ አልፈልግም።

ክሊኒክ ውስጥ የማየው ነገር አለ። ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ፖሊስ፣ ውሻቸው ጠረጴዛው ላይ ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ስልክ የሚያወሩ ይመስላሉ። ስልኩ ግን ተዘግቷል። እኔም አላየሁም ብዬ እጄን እታጠባለሁ።

ሳይኮሎጂ ተማሪ፦

እኔ እንደሚመስለኝ አባትሽ የሚያዝኑት ለውሻው አይደለም። ውሻው የእናትሽ መታሰቢያ ነበር፤ እሱ ሲሞት የእናትሽ ሐዘን ነው የተቀሰቀሰው። ስለ እናትሽ እንዲያወሩ ብታደርጊያቸው ጥሩ ነው።

የመምህሩ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ሳይኮሎጂ ተማሪ እኔም ልክ እንደዚህ ነበር የመሰለኝ። ትናንት ቡና እየጠጣን «አባዬ፣ እማዬ ትዝ አለችህ አይደል?» አልኩት። ተቆጣ። «ለእናትሽ አልቅሼላታለሁ፣ አርባዋን ሰማንያዋን አውጥቻለሁ፣ ተዝካሯን በልታችኋል። ይሄ የእሷ አይደለም፣ የሻምበል ነው። ውሻዬ ነበር» አለኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ የሰላማዊትን ሞከርኩ። «ቡችላ ሳለ ምን ይመስል ነበር?» ስለው ቀና አለ። ለካ የመጣው በካርቶን ነው፤ አንድ ተማሪው ነው የሰጠው፣ ፈተና ወድቆ። («ቡችላውን ተቀበልኩ፣ ልጁን ግን አላሳለፍኩትም» ይላል፣ በዚህ ይኮራል።) ግማሽ ሰዓት አወራ። መጨረሻ ላይ ግን «አሁን ይሄ ወሬ ነው?» ብሎ ተነሳ።

የሰንበት ተማሪ፦

አንዳንዱ ሰው ለእንስሳ ማዘን ኃጢአት የሚመስለው አለና ልጨምር። ለእንስሳ ፍትሐት የለም፣ ተዝካርም የለም፤ ይህ ግልጽ ነው። ማዘን ግን ማን ከለከለ? መጽሐፈ ጦቢትን የምታነቡ ታውቁታላችሁ፤ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ረጅም መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሏቸዋል፣ ሲመለሱም አብሯቸው ነበር። ታሪኩ ውስጥ ውሻው ምንም አልሠራም። ዝም ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ። ግን ተጽፏል። አባትሽ ገብርኤል በር ላይ ሲሳለሙ የሚጠብቃቸው ውሻ ይህንን ነው ያስታወሰኝ።

ኡሙ ሐናን፦

በእኛም ዘንድ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም፣ ግቢ ጠባቂ ግን ይያዛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠማ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ነግረውናል። አጎቴ የግቢው ውሻ ሲሞትበት ለሳምንት ከሰው ሳይነጋገር ነው የሰነበተው። ሚስቱ «ለእኔ እንዲህ ትሆናለህ?» እያለች ታሾፍበት ነበር። አባትሽን አላህ ያጽናቸው።

ጥቁር ውሃ፦

አሁን ደግሞ ውሻ ጻድቅ ሊሆን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውሻ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ረሳችሁ?

አስተባባሪ፦

የሃይማኖት ክርክር በዚህ ክር አይቀጥልም። ሁለት መልስ አጥፍቻለሁ። ጥቁር ውሃ፣ የሚረዳ ነገር ካለህ ጻፍ፣ ከሌለህ እለፍ።

አላሙራ፦

እኔ ደግሞ የሌላ ዓይነት አለኝ፤ ያላወራሁት።

የኛ ውሻ ቦቢ ነበር፣ ገና ጎረምሳ፣ ልጄ አብራው ያደገች። አንድ ሰሞን ጠባዩ ተለወጠ። የማያውቀን መሰለ፣ ጥግ ይዞ ይደበቃል፣ ውሃ ሲቀርብለት መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ተለወጠ፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። ልጄ አጥንት ነው የሰነቀረው ብላ እጇን አፉ ውስጥ ልትከት ስትል ነጠቅኋት። በጥርሱ ጫር አድርጓታል። እኔንም ነከሰኝ። በሁለተኛው ቀን ሞተ። ጭንቅላቱ በበረዶ አዲስ አበባ ተልኮ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ ነው ተባለ።

እኔና ልጄ ክትባቱን ወስደን ዳንን፣ ተመስገን። ግን አስቡት፤ ልጄ ለቦቢ ማልቀስ ትፈልጋለች፣ ሰፈሩ ደግሞ «ያ ሰይጣን ሊጨርሳችሁ ነበር» ይላታል። የሞተው ጓደኛዋ እንጂ ሰይጣን አይደለም። አንድ ቀን «አባ፣ ቦቢ ጠልቶኝ ነው የነከሰኝ?» አለችኝ። እንስሳት ጤና ቢሮ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ቁጭ ብሎ አስረዳት፤ በሽታው አእምሮ ውስጥ ገብቶ ውሻው ማን እንደሆነች እንዳላወቀ፣ ጉሮሮው ሽባ ስለሆነ ውሃ እንዳልጠጣ። ከዚያ በኋላ ነው ተረጋግታ ያለቀሰችው። ፎቶውን ደብተሯ ሽፋን ላይ ለጥፋዋለች፣ አልከለከልኳትም።

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

@አላሙራ ወንድሜ፣ ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ላቁም ብል ሕሊናዬ አይፈቅድም፣ ስለዚህ ከሐዘኑ ወጣ ብዬ ልናገር።

የነከሳችሁ ወይም የቧጨራችሁ ውሻ ካለ መጀመሪያ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ፤ 15 ደቂቃ ሲታጠቡት ረጅም ነው። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ቫይረሱ በነርቭ ላይ ተጉዞ አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ነው ክትባቱ የሚቀድመው፤ ፊትና አንገት ላይ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ባህላዊውንም የሚፈልግ ይፈልግ፣ ክትባቱን ግን አያስቀድምበት። ውሻው በሕይወት ካለና ጤነኛ ከመሰለ አስሮ ዐሥር ቀን መጠበቅ ነው፤ ገድሎ መጣል ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ሬሳ በባዶ እጅ አይነካም፣ ለጅብም አይጣልም። የሌላውን ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍሩ፤ አለዚያ ሌሊት ጅብና የሰፈር ውሻ ያወጣዋል፣ ያንን ጠዋት ማየት ከሞቱ ይከፋል። ሐይቁ አቅራቢያ ያላችሁ ትንሽ ስትቆፍሩ ውሃ ስለሚመጣባችሁ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ከጉድጓድ ውሃም አርቁ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ባለቤቴ ውሻችን ሲሞት ልጆቹን «ገጠር ሄዷል፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ይሮጣል» አላቸው። ይኸው በየበዓሉ «ገጠር እንሂድ፣ ቡቺን እንየው» ነው። ባለፈው ፋሲካ ትንሹ አጥንት በፌስታል ቋጥሮ «ይዤለት ልሂድ» አለ። እንግዲህ እሱ ይወጣው፣ እኔ የለሁበትም።

ቶሮንቶ፦

እዚህ ድመቴ ስታረጅ በመርፌ አሳረፍኳት። ክሊኒኩ የሐዘን ካርድ ላከልኝ፣ አመዷን በትንሽ ሣጥን ሰጡኝ፣ ሥራ ቦታም አበባ መጣ። ደግ ነው፣ አልክድም። ግን እናቴ ከሐዋሳ ደውላ «በልተሽ ነው? ብቻሽን ነሽ? ማን አለ አጠገብሽ?» ስትለኝ ነው እንባዬ የመጣው። እሷ ድመት አትወድም። ሐኪሙን ልጠይቅ፣ በመርፌ ማሳረፍ እዚያ አገርም አለ?

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

አለ። የማደንዘዣ መድኃኒት ከመጠን በላይ ይሰጠዋል፤ እንስሳው መጀመሪያ ይተኛል፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አይገኝም እንጂ። ባለቤቱ ቢያንስ እስኪተኛ ድረስ አጠገቡ ቢቆም እመርጣለሁ፤ እንስሳው የሚያውቀውን ድምፅ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አልችልም» ብሎ ይወጣል፣ አልፈርድም።

የመምህሩ ልጅ፦

ዜና አለኝ።

ለማንም ሳላዋይ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላሁና ጎረቤት ጠራሁ። ልቅሶ አላልኩም፣ ቡና ብቻ። እውነተኛው ሻምበል ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አባቴ አጠገብ ተቀመጡና ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «መምህር፣ ሞክሼዬ ሞተ ቢሉኝ ነው የመጣሁት። እግዜር ያጽናህ» አሉት። እኔ ሳቅ ልል ስል አባቴ «ያኑርህ» አለ፣ በሙሉ ሥርዓት። ከዚያ ሁለቱም በአንዴ ሳቁ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ።

ከሳቁ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ሻምበል ኦጋዴን ሳሉ የጦሩን ሰፈር ተጠግቶ የኖረ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ነበር አሉ፣ ሰፈር ሲለቁ ትተውት ሄዱ። መኪናውን እስከ የት ድረስ እንደተከተለ ነገሩን። ይህን ለሚስታቸውም ነግረው እንደማያውቁ ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሲሰሙ ነው ያወቅነው። ያቺ «ጋቢውስ ምን በደለ?» ያለችው ጎረቤት እንኳ ሁለተኛው ቡና ላይ ስለ አያቷ ላም ጀመረች። ጃንሆይም ሉሉን፣ ያችን ትንሽ ቺዋዋ ውሻ፣ ይዘው ነበር የሚዞሩት ብሎ አንዱ ጨመረ፣ ወሬው ቤተ መንግሥት ገባ፣ አባቴ ክርክር ውስጥ ገባ። ሲመሽ ተበተኑ።

ሐይቅ መሄድ ግን አልጀመረም። ማለዳ በር ላይ ይቆምና ይመለሳል። ሰኞ ዕለት በሌላ መንገድ፣ በታቦር ተራራ በኩል፣ ሻምበልን ይዞ (ሰውየውን ማለቴ ነው) ትንሽ ተራምዶ ተመለሰ።

ሰላማዊት፦

በሌላ መንገድ መሄዳቸው ገባኝ። እኔ እስከ አሁን የድመቷ ሰሀን ከነበረበት የወጥ ቤት ጥግ ምንም አላስቀምጥም። አታስገድጃቸው።

ጥቁር ውሃ፦

ሞክሼዬ የሚለው ግን አሳቀኝ። ሰውየው ይመቻቸው።

የመምህሩ ልጅ፦

ለሐኪሙ የመጨረሻ ጥያቄ። ወንድሜ ዛሬ በቀጥታ ለአባቴ ደውሎ ስለ ቡችላው ነገረው። አባቴ «ጀርመን አልፈልግም፣ በጀርመንኛ ነው የማዝዘው?» ብሎ ዘጋው። ማታ ላይ ግን ለእኔ «ክረምቱ ይውጣና፣ የሐበሻ ውሻ ከተገኘ እናያለን። ቃል አልገባም እንጂ» አለ። በኋላ ደግሞ ወረቀት አምጥቶ ክትባቱ መቼ መቼ እንደሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ አለኝ። የሻምበልም ጎድጓዳ ሳህንና ሰንሰለት አለ፣ መጠቀም ይቻላል?

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

ሻምበል የሞተው በእርጅና ስለሆነ ሳህኑንና ሰንሰለቱን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቦ መጠቀም ይቻላል። በፓርቮ (ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድል ቫይረስ ነው) የሞተ ቡችላ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር፤ ያ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ በረኪና ካልሆነ ሳሙና አይገድለውም፣ ያልተከተበ ቡችላም ያ ግቢ አይገባም።

ለአባትሽ ወረቀት፦ ቡችላው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። የመጀመሪያው ክትባት (ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባለውን ሌላ ገዳይ የውሻ በሽታ የሚከላከለው) ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት። የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው፣ ቀጥሎ በየዓመቱ። የሆድ ትል መድኃኒት ከክትባቱ በፊት ይጀመራል። ክትባቱ ሳያልቅ አሞራ ገደል አይውሰዱት፤ እዚያ የማይመጣ ውሻ የለም።

ወረቀቱ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፊላቸው። የክትባት ካርዶቹ በፈረንጅ ስለሆኑ ሽማግሌዎች ሁሌ ይሳሳትባቸዋል፣ ሒሳብ መምህር ቢሆኑም።